ወፍ ለማየት ወደ ሐይቅ መቼ ልሂድ? በየወቅቱ ጉዞ የማቀድ መመሪያ

«ወፍ ለማየት ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መሄድ እፈልጋለሁ፤ መቼ ልሂድ?» ይህ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ይደርሰኛል። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ያው ሐይቅ ጥር ላይ ሌላ ነው፣ ነሐሴ ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ብዙ ሰው የሚያቅደው ዕረፍት ከሚያገኝበት ቀን ተነስቶ ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ወፉን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያ ቦታውን፣ በመጨረሻ ሰዓቱን ምረጡ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የምታዩት ነገር በዕድል ብቻ አይወሰንም።

መመሪያው በዋናነት ለባቱ (ዝዋይ)፣ ለአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክና ለሐዋሳ ነው። ወራቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም እንደዚያው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባይናኩላር። 8 በ42 የሚለውን ፈልጉ። 8 ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። 10 ወይም 12 የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል እንጂ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለጀማሪ 8 ይበቃል።
- ስኮፕ (ከባይናኩላር ይበልጥ የሚያቀርብ ባለ አንድ ዓይን መነጽር) ከነትራይፖዱ፣ ካገኛችሁ። ባቱና ሐዋሳ ላይ የግድ አይደለም። አብያታ ላይ ግን ወፉ ሩቅ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።
- መርሊን የሚባለው የወፍ መለያ መተግበሪያ። የአካባቢውን የወፎች ጥቅል ከቤት ሳትወጡ አውርዱት። ሐይቁ ዳር ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈስሳል።
- እንደ ቡናማና እንደ ደብዛዛ አረንጓዴ ያለ ቀለም ያለው ልብስ። ነጭ ልብስ ከሩቅ ስለሚታይ ወፉን ያስነሳል።
- ጃኬት ወይም ጋቢ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ይበርዳል።
- ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ውሃና ስንቅ።
- የትንኝ መከላከያ ቅባት፤ የምታድሩ ከሆነ አጎበር።
- መታወቂያና ጥሬ ገንዘብ። ለመግቢያ፣ ለስካውት (አብሮ ለሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) እና ለጀልባ በሞባይል መክፈል ሁልጊዜ አይቻልም።

ደረጃ 1፦ ማየት የምትፈልጉትን ወፍ ወስኑ

ሐይቅ ላይ የሚታዩትን ወፎች በሦስት ከፍላችሁ አስቡ።

ነዋሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ አሉ። አባ ኮዳ፣ ፔሊካን፣ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ንስር፣ ሳቢሳ እና ልዩ ልዩ ሽመላዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለእነዚህ ስትሉ ወር መጠበቅ አያስፈልግም።

እንግዶቹ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። ብዙ ዓይነት ዳክዬዎች፣ ጭቃ ዳር እየሮጡ የሚለቅሙ ረጃጅም እግር ያላቸው ትናንሽ ወፎች፣ እና ክሬን የሚባሉት ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች ይገኙባቸዋል። ወቅት የሚወስነው በዋናነት እነዚህን ነው።

ሦስተኛው ፍላሚንጎ ነው። ፍላሚንጎ የሚከተለው ምግቡን እንጂ ወርን አይደለም። የውሃው ጨዋማነት ሲለወጥ ምግቡም ይለወጣል፤ ያኔ መንጋው በሙሉ ተነስቶ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል። ስለዚህ «በዚህ ወር ፍላሚንጎ ይኖራል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። የምትሄዱት ለፍላሚንጎ ብቻ ከሆነ፣ ከመነሳታችሁ 2 ወይም 3 ቀን ቀድማችሁ አካባቢውን በቅርብ ያየ አስጎብኚ ወይም የፓርክ ሠራተኛ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ወሩን ምረጡ

*ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት።* እንግዶቹ በብዛት የሚገቡበት ጊዜ ነው። ጭቃ ዳር የሚለቅሙት አንዳንዶቹ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይታያሉ፤ ዳክዬዎቹ ዘግየት ይላሉ። ስምጥ ሸለቆ ትልቅ የወፍ መተላለፊያ ስለሆነ ሰማዩንም ማየት አትርሱ። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ንስሮችና ሽመላዎች የሚነሳውን ሞቃት አየር ይዘው እየዞሩ ይወጣሉ። ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍታ ስለሚያገኙ ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። የዚህ ወቅት ችግር ውሃው ሙሉ መሆኑ ነው። ዳር ያለው ጭቃ ስለሚሸፈን ወፉ በየረግረጉና በየማሳው ይበተናል።

*ከኅዳር እስከ ጥር።* ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቢጠይቀኝ የምመርጥለት ይህንን ነው። እንግዶቹ ገብተው ተረጋግተዋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ በጃንዋሪ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወፎቹ ከቦታ ቦታ ብዙም አይዘዋወሩም። ዳክዬና ክሬን ማየት የሚፈልግ ከእነዚህ ወራት አይውጣ።

*የካቲት፣ መጋቢትና የሚያዝያ መጀመሪያ።* ይህን ወቅት ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ውሃው ስለሚሸሽ ጭቃው ይወጣል፣ ወፉም በተረፈችው ውሃ ዙሪያ ይሰበሰባል። ከመመለሳቸው በፊት ብዙዎቹ እንግዶች የመራቢያ ላባቸውን መልበስ ይጀምራሉ። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ግራጫ መስሎ ያስቸገራችሁ ወፍ አሁን ቀላ ወይም ጠቆር ብሎ በቀላሉ ይለያል። ነገር ግን ረጅሙን የመልስ ጉዞ ለመቋቋም ስብ የሚያከማቹበት ጊዜ ነው። ሳያስፈልግ ካስነሳችኋቸው የሰበሰቡትን ጉልበት ታባክኑባቸዋላችሁ። በዚህ ወቅት ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የበልግ ዝናብም ሊጥል ስለሚችል የዝናብ ልብስ ያዙ።

*ከግንቦት እስከ ነሐሴ።* አብዛኞቹ እንግዶች ሄደዋል። በምትኩ የእኛዎቹ የሚራቡበት ጊዜ ይመጣል። ክረምቱ ሲገፋ ደንገሉና ሸምበቆው ውስጥ ጎጆ ሠሪዎቹ ትናንሽ ወፎች ይንጫጫሉ። በጋ ላይ ድንቢጥ መስለው ያለፋችኋቸው አንዳንድ ወንዶች ክረምት ላይ ቀይና ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ። ችግሩ መንገዱ ነው። ዋልካ አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ መኪና አያሳልፍም። ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ከአስፋልት ብዙ የማይርቅ ቦታ ምረጡ።

ደረጃ 3፦ የውሃውን መጠን አጣሩ

ወሩ ትክክል ሆኖ ውሃው ካልተመቸ ጉዞው ይበላሻል። ጭቃ ዳር የሚለቅሙት ወፎች እየተራመዱ ስለሚመገቡ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈልጋሉ። ጠልቆ የሚያድነው ደግሞ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። ዝናቡ ዘግይቶ ካበቃ ጭቃው የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ዝናቡ ካጠረ ደግሞ ትናንሾቹ ኩሬዎች ከየካቲት በፊት ሊደርቁ ይችላሉ።

ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው ጋር ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ከዳር ምን ያህል ሸሽቷል? ጭቃው ይታያል? በዚህ ሳምንት ዘንቧል? «ወፍ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ከወፉ ጋር አዛምዱ

*ባቱ።* ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ጨዋማ ስላልሆነ ዓሣ አለ፤ ዓሣ ስላለ ፔሊካን፣ አባ ኮዳና ንስር አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ የሚያጸዱበት ዳር ላይ ወፎቹ ሰው ስለለመዱ ያለ ባይናኩላር እንኳ ይታያሉ። ለልጆችና ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

*አብያታ ሻላ።* ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብያታ ጨዋማና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ለፍላሚንጎና ለእንግዶቹ ወፎች ይመቻል። ባለፉት አሠርት ዓመታት ውሃው በጣም ሸሽቷል። ጨዋማነቱ ጨምሮ ዓሣው ስለተመናመነ ዓሣ በል ወፎችን እዚህ ብዙ አትጠብቁ። አጠገቡ ያለው ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። እይታው ያስደንቃል፤ ዓላማችሁ ወፍ ከሆነ ግን አብዛኛውን ሰዓታችሁን ለአብያታ ስጡ።

*ሐዋሳ።* 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት ዓሣ ሲወጣ አባ ኮዳውን በቅርብ ታዩታላችሁ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ዝግ ብላችሁ ሂዱ። ዳር ያሉት ዛፎችና ቄጠማዎች ውስጥ ያሉት ትናንሽ ወፎች ብዙ ናቸው።

ከስምጥ ሸለቆ ውጭ፣ በበጋ ክሬን በብዛት ማየት የሚፈልግ ወደ ጣና ዙሪያ ረግረጎች፣ በተለይ ወደ ፎገራ ይሂድ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ የሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ አጠገብ ካሉት ከገፈርሳና ከሱሉልታ መጀመር ይችላል። ከሆለታ አለፍ ብሎ ያለው በርጋ ረግረግ ክረምት ላይ በዓለም ደረጃ ልትጠፋ የተቃረበች አንዲት ነጭ ክንፍ ትንሽ ወፍ የምትራባበት ነው። እዚያ በክረምት ወደ ሣሩ አትግቡ። ጎጆዋ ሣሩ ውስጥ መሬት ላይ ስለሆነ አንድ እርምጃ ሊያጠፋት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን በፀሐይዋ አቅጣጫ ወስኑ

«ጠዋት ሂዱ» የሚለው ምክር ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ወፍ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት በደንብ ይንቀሳቀሳል። ይህ እውነት ነው። ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ከሆነች የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ቀለም ካልታየ ደግሞ ወፍ መለየት ከባድ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ መሆን አለባት።

አሁን ሦስቱን ቦታዎች በዚህ ዓይን እዩአቸው። ባቱ ከተማ ያለው በሐይቁ ምዕራብ ዳር ነው። ጠዋት ዳር ላይ ብትቆሙ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከጀርባችሁ ትሆናለች። አብያታን ከዋናው መንገድ በኩል ስትገቡ የምትደርሱት በምሥራቅ ዳሩ ነው። ሐዋሳ ከተማም ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ሁለቱ የጠዋት ቦታዎች ናቸው።

ስለዚህ ለሁለት ቀን ጉዞ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከአዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተነሱ።
2. ባቱ ምሳ ብሉና ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ጀምበር መግቢያ ዳር ላይ ሁኑ።
3. ባቱ እደሩ።
4. በነጋታው ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ አብያታ ግቡ።
5. እስከ 4 ሰዓት ቆዩ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ በስኮፕም ቢሆን ሩቅ ያለው ወፍ ጥርት ብሎ አይታይም።

ባቱ ላይ ጀልባ ከፈለጋችሁ ግን ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ፀሐይዋን ከጀርባ ለማድረግ ባለጀልባው እንዲያዞርላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ መኝታና ፈቃድ ጨርሱ

በዓላቱን እዩ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ ላይ ክፍል አይገኝም። ጥር 10 እና 11 ጥምቀት ነው፤ ባቱ ሐይቁ ዳር በሰው ይሞላል። ከመስቀል በኋላ ያለው የኢሬቻ እሁድ ደግሞ በቢሾፍቱ በኩል መንገዱ ይጨናነቃል። በእነዚህ ቀናት በዓሉን ለማክበር ከሆነ ሂዱ፤ ለወፍ ከሆነ ቀኑን በሳምንት ቀይሩት።

አብያታ ሻላ በር ላይ ክፈሉና ስካውት ያዙ። ስካውቱ ወፎቹ ዛሬ የት እንዳሉና የትኛው ጭቃ እንደሚያሰምጥ ያውቃል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ያለፈው ወር መረጃ አይበቃም።

ደረጃ 7፦ እዚያ ስትደርሱ

ቶሎ አትራመዱ። አንድ ቦታ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቁሙ። ወፉ መጀመሪያ ይሸሻል፣ ካልተንቀሳቀሳችሁ ግን ይመለሳል።

መጽሐፍ ወይም ስልክ ከማየታችሁ በፊት ወፉን እዩት። መጠኑን፣ የመንቁሩን ቅርጽ፣ የእግሩን ቀለምና ምን እያደረገ እንደሆነ ተመልከቱ። ስሙን በኋላም ታገኙታላችሁ፤ ወፉ ግን ይበራል። ምሳሌ ልስጥ። ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎ አለ። መንቁሩ ጥቁር ቀይ የሆነው ትንሹ ነው። መንቁሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ የጠቆረው ትልቁ ነው። መንቁሩን ካያችሁ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ወፎቹ መብላት አቁመው ሁሉም አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ መዝግቡ

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የውሃውን ሁኔታና ግምታዊ ብዛቱን ጻፉ። ኢ-በርድ በሚባለው መመዝገቢያ ላይ ብታስገቡት ከእናንተ ቀጥሎ የሚያቅደው ሰው ይጠቀምበታል። የእኛ ሐይቆች መረጃ እዚያ ላይ ገና ስስ ስለሆነ የእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ዋጋ አለው።

ማስጠንቀቂያ

- የአብያታ ዳር ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ልሙ ጭቃ ነው። መኪና ይዛችሁ ወደ ውሃው አትጠጉ። በእግርም ቢሆን ስካውቱ ከሄደበት አትውጡ።
- ሻላ ዳር ያሉት ፍል ውሃዎች ይፈላሉ። ጠርዛቸው ሊደረመስ ስለሚችል ልጆችን እጃቸውን ያዙ።
- ባቱና ሐዋሳ ጉማሬ አለ። ሲመሽና ሲነጋ ለግጦሽ ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ።
- ባቱና ሐዋሳ ሐይቆች ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ።
- ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ማለትም ወፉ በሚያምርበት ጊዜ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ።
- ጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ።
- ባይናኩላርና ካሜራ ወደ ወታደራዊ ካምፕ፣ ድልድይና ኬላ አታዙሩ። ከውጭ አገር ባይናኩላር ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ስለሚችል የጉምሩክን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ወፎቹንም ያሸብራል።
- አባ ኮዳን በእጃችሁ አታብሉ። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ይበልጣል፣ መንቁሩም ያቆስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*የወር መምታታት።* መተግበሪያዎቹ የሚጠቀሙት በፈረንጆች ወር ነው። ኖቬምበር የሚለው ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ያለውን ነው። ኖቬምበርን ኅዳር ብላችሁ ከወሰዳችሁት ወደ ዘጠኝ ቀን ልትዘገዩ ትችላላችሁ። መግቢያና መውጫ ወራት ላይ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው።

*በአንድ ቀን ሦስቱንም ሐይቅ ማዳረስ።* ጥሩው ሰዓት መኪና ውስጥ ያልቃል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ አንድ ሐይቅ ምረጡና ጠግባችሁ እዩት።

*የወፍ ድምፅ በስልክ ማጫወት።* ወፉ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ምግቡን ወይም ጎጆውን ትቶ ይመጣል። በመራቢያ ወቅት በፍጹም አታድርጉት።

*ትልቁን መንጋ ብቻ ማየት።* ዓይን ወደ ፔሊካኑ ይሄዳል፤ ተፈጥሮአዊ ነው። መንጋውን ካያችሁ በኋላ ግን ባይናኩላራችሁን ዝቅ አድርጉና ውሃው ከጭቃው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አሥሱት። ከሩቅ አገር የመጡት ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። መስመሩን ስትጨርሱ ከቀኝ ወደ ግራ ድገሙት። በመጀመሪያው ዙር ጭቃ መስሎ ያለፋችሁት በሁለተኛው ይንቀሳቀሳል።